የችሎት ልብ ወለድና የንባብ ስፋት

ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ ለሥራ ፈት እንጂ ለሹምና ለካህን አይገባም የሚሉ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። ይልቁንም ታሪኩ ስለ ወንጀልና ስለ ችሎት የሆነ እንደ ሆነ፥ ነገረኛነትን ያስተምራል ብለው ይነቅፉታል። ይህ ነቀፋ ግን ለጣና ዳር ሰው ከቶ አይስማማም፤ በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ታሪክ ጽፈው በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት ከባሕር ዳር አጠገብ በዘጌ ነውና።

የችሎት ታሪክ ደስታው ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ፥ ካህናት ከሚያውቁት መጽሐፍ መጀመር ይሻላል። በመጽሐፈ ሶስና ሁለት ረበናት በሐሰት መስክረው ንጽሕቲቱን ሴት ለሞት አስፈረዱባት፤ እነዚህም ሰዎች ምስክሮች ብቻ ሳይሆኑ በዚያው ዓመት በሕዝቡ ላይ የተሾሙ ዳኞች ነበሩ። ጉባኤው ሽምግልናቸውንና ሹመታቸውን አይቶ አመናቸው እንጂ አልመረመራቸውም። ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ፥ ኃጢአት ስትሠራ አየናት ያሉት ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ሆነ ለየብቻ ቢጠይቃቸው፥ አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ጠሩ። አንባቢው ሶስና ንጽሕት መሆንዋን ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ቢሆንም ያች ጥያቄ እስክትመጣ ድረስ ልቡ እንደ ተንጠለጠለ ይቆያል። ዛሬም ምስክሮች አንዱ የሌላውን ቃል እንዳይሰማ ከችሎት ውጭ እንዲቆዩ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

የጎጃምና የበጌምድር ሰውም ይህን ደስታ በቀድሞ ዘመን አጥብቆ ያውቀው ነበር። በዋርካ ጥላ ሥር በዳኛ ፊት ከሳሽና ተከሳሽ በልሃ ልበልሃ እየተባባሉ በምሳሌና በግጥም ሲሟገቱ፥ ጉዳዩ የማይመለከተው መንገደኛ እንኳ ስንቁን አስቀምጦ ይሰማ ነበር። ከሳሹ ሲናገር በልቡ ይፈርዳል፤ ተከሳሹ ሲመልስ ፍርዱን ያፈርሳል። መልካም የችሎት ልብ ወለድም አንባቢውን እንዲሁ ያደርገዋል። በአሜሪካ በ1989 የፈረንጆች ዘመን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው ጆን ግሪሻም፥ ራሱ ጠበቃ ስለ ነበረ፥ ይህን ጥበብ ከችሎት ቀስሞታል። ከኢትዮጵያም ደራሲዎች ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ፥ በጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩት፥ በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። ብዙ ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ይህን ሳይከፍት መቅረቱ ያሳዝናል፤ የርእሱ ሁለት ቃላት ብቻ እነዚያን ረበናት ለማስታወስ ይበቃሉ።

ሕግ ዐዋቂ የሕግ መጽሐፍ፥ ካህንም ቅዱሳት መጻሕፍት ይበቁታል የሚል ቢኖር፥ ፍትሐ ነገሥት እንዴት እንደ ተዘጋጀ ይመልከት። በ13ኛው መቶ ዓመት የግብፅ ክርስቲያን ሊቅ ኢብን አል አሳል በዓረብኛ ሲያጠናቅረው፥ ከሐዋርያትና ከጉባኤያት ቀኖና ጋራ የሮም ነገሥታትን ሕግ ጨምሮበታል፤ ኋላም ወደ ግእዝ ተመለሰ። ያ ሊቅ ከደብሩ መጻሕፍት በቀር ሌላ የማያነብ ሰው ቢሆን ኖሮ፥ የሥጋዊው ፍርድ ክፍል ከየት በተገኘ ነበር?

ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሳፍሮ ስለ መሬቱ ለመሟገት ባሕር ዳር የሚመጣ ገበሬ፥ በሹሙ ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘው መዝገብ ሌላ ሰው የጻፈውን ነው። ፊደል ያልቆጠረ ከሆነ ቃሉ ይደናገራል፤ ቀኑን ያሳስታል፤ ሲጠየቅ ይንተባተባል። ንጹሕ ሰው በመደንገጡ ብቻ ሲጠረጠር በልብ ወለድ ውስጥ አይቶ የተጨነቀ ሹም፥ ይህን መንተባተብ የሐሰት ምልክት አድርጎ ለመቁጠር አይቸኩልም። የቸኮለ እንደ ሆነ ግን ገበሬው መሬቱን አጥቶ ይመለሳል።

እርግጥ ከእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከንቱ የሆኑም አሉ፤ ማስረጃውን ከአንባቢ ደብቀው በመጨረሻው ገጽ በድንገት የሚያወጡት ቢዘጉ ይሻላል። የሶስና ታሪክ ጸሐፊ ሁሉን ነገር አስቀድሞ በፊት ለፊት አኑሮ ነው አንባቢውን የሚያስጨንቀው።