«መዳቡ እኮ ንጹህ ነው»

ቆጣሪው አጥሩ ላይ፣ ማብሰያ ቤቱ ጓሮ፤ በመሀላቸው 30 ሜትር አለ። ባለቤቱ አዛውንት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ራሳቸው መርጠው ገዝተው አዘረጉ። ምጣዱ ግን እንደሚፈለገው አልግል፣ እንጀራውም ዓይን አላወጣ አለ። አንድ ጠጋኝ ተጠርቶ የምጣዱን ሽቦ ቆርጦ አሳጠረውና ጋለ። ብሬከሩ መመለስ ሲያበዛ ደግሞ በትልቅ ተቀየረ። ብዙም ሳይቆይ ቱቦው ውስጥ ያለው የሽቦ ሽፋን ቀለጠ።

ለጥገና ስጠራ «ልጄ፣ የውሸት መዳብ ሸጠውልኝ ነው» አሉኝ። ልጬ አሳየኋቸው፤ መዳቡ እውነተኛ ነው። ዛሬም ባለሱቁን ይረግማሉ።

አንድ ጥያቄ አሰልችቶኛል፤ ሰው የሚጠይቀው «ንጹህ መዳብ ነው ወይ?» ብቻ ነው። ስለ ርዝመቱ የሚጠይቅ የለም። ከኮሌጅ የሚመጡ ወጣቶችም የሬዚስታንስን ቀመር በቃል ይወጡታል፣ ቤት ገብተው ግን ሜትር አያወጡም። ሬዚስቲቪቲ የመዳቡ ጠባይ ነው፤ ከየትም ቢገዛ፣ ንጹህ እስከሆነ ድረስ ያው ነው። ሬዚስታንስ ግን የዚያ ቤት፣ የዚያ መስመር ነው። አንድ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መዳብ 0.017 ኦም ገደማ አለው። 30 ሜትሩ ደርሶ መልስ 60 ነው፤ ለ1.5 ሲካፈል 0.7 ኦም ይጠጋል።

ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ይታያል። 3,500 ዋት ምጣድ ሲሰካበት ግን መንገድ ላይ ከ10 ቮልት በላይ ይቀራል፤ ከ150 ዋት በላይ ሙቀትም ቱቦው ውስጥ ይታፈናል። የምጣዱ ኃይል በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የእራት ሰዓት የቮልቴጅ መውረድ ሲጨመርበት ደግሞ ምጣዱ አይረባም። ጠጋኙ የምጣዱን ሽቦ በአንድ አምስተኛ ሲያሳጥር ሬዚስታንሱን ቀነሰና ከረንቱን አሳደገ፤ የመስመሩ ሙቀት አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። መዳብ ሲግል በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ሬዚስቲቪቲው ይጨምራልና መስመሩ ራሱን በራሱ ያባብሳል። የሚያናድደኝ፣ የምጣዱን ማነስ ያመጣው መስመሩ ሆኖ ሳለ ምጣዱ መቆረጡ ነው።

«አሉሚኒየም አይረባም» የሚሉኝም ከዚሁ ስህተት ይነሣሉ። ሬዚስቲቪቲው የመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው፤ ሆኖም ከግድቦቻችን ኃይል የሚያመጡት የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች አሉሚኒየም ናቸው። ቀላል ስለሆነ ወፈር አድርጎ መዘርጋት ይቻላል፣ ሬዚስታንሱም ይወርዳል። ቤት ውስጥ አሉሚኒየምን የማልመርጠው በመጋጠሚያው ምክንያት ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለአዛውንቱ ባለ 4 ሽቦ ቢዘረጋላቸው ያው መዳብ፣ በዚያው ርቀት፣ ወደ 0.26 ኦም ይወርድ ነበር። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዋጋ ስታወጡ ከሽቦው ዓይነት በፊት ርዝመቱን ጻፉ፤ ደርሶ መልሱን።