«አሚን» ሲባል የማይከፈተው መዳፍ

ወሎ ውስጥ ዱዓ ሲደረግ ሕጻንም አይቀርም። እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠው እንኳ የትልልቆቹን አይቶ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋና «አሚን» ይላል። ብዙው ልጅ ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። ሴሬብራል ፓልሲ አንድ ጎኑን ለያዘው ልጅ ግን መዳፍን ወደ ላይ መገልበጥ ከባድ ሥራ ነው። ክንዱ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ አንጓው ይታጠፋል፤ አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶች ሥር ይደበቃል። አንዱ መዳፍ ተከፍቶ ሌላው እንደተጨበጠ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ልጅ በወሎዋ ቢስቲማም ሆነ በሌላው የወረባቦ ወረዳ መንደር ሲታይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ይሄዳል ወይ?» ነው። ጎረቤቱም፣ አያቱም፣ ብዙ ጊዜ ጤና ባለሙያውም ይህንኑ ይጠይቃል። መሄድ ትልቅ ነገር ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ልጁ መሄድ ሲጀምር ግን ሁሉም «እፎይ» ይልና የእጁ ነገር ይረሳል። ጉዳዩ እንደገና የሚነሳው ትምህርት ቤት ገብቶ የሱሪውን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይመጣል። ምጥ ሲራዘም ሕጻኑ መታፈኑ፣ ያለጊዜ መወለድ፣ ሳይታከም የቆየ ከባድ የጨቅላ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። የአንጎሉ ጉዳት በራሱ አይባባስም። የሚባባሰው ሥራ የፈታው እጅ ነው፤ ጡንቻው እያጠረ፣ መገጣጠሚያው እየደረቀ ይሄዳል።

እጅን መመዘን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጉልበት መለካትን ነው። ስዊድናዊቷ አን ክሪስቲን ኤሊያሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት «ማክስ» የተባለው ምደባ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ልጁ በየቀኑ የሚነካቸውን ዕቃዎች በሁለት እጁ እንዴት ይይዛል? ከ4 እስከ 18 ዓመት ያሉትን በ5 ደረጃ ይመድባል። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለው ልጅ ዕቃዎችን ያለ ችግር ይይዛል። ሁለተኛው ቀስ ይላል ወይም ትንሽ ይሰናከላል። ሦስተኛው ሰው ካመቻቸለት ያደርጋል። አራተኛው ጥቂት ቀላል ነገሮችን ብቻ፣ ያውም በእርዳታ ይይዛል። አምስተኛው ምንም መያዝ አይችልም። ዋናው መረጃ የሚገኘው ልጁን በደንብ ከሚያውቅ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ነጭ ጋውን ከለበሰው ባለሙያ ይልቅ ማለዳ ልብስ የምታለብሰው ሴት የበለጠ የምታውቅበት ምዘና ነው።

ይህ ምደባ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የሚታከሙ 200 ገደማ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች በዚሁ ምደባ ጭምር ተመልክቷል። ከባድ የእንቅስቃሴ ውስንነት ያለባቸው ልጆች ድርሻ ሀብታም ከሚባሉት አገሮች የበዛ ሆኖ ተገኝቷል።

ችግር ያለው የእጅን ችሎታ በሚመዝኑት ዝርዝር መጠይቆች ላይ ነው። ቤልጂየም ውስጥ የተሠራው «አቢልሃንድ ኪድስ» 21 ተግባራትን ይዘረዝርና ለወላጅ ያቀርባል። የማርማላታ ጠርሙስ መክፈት፣ የቸኮሌት መጠቅለያ ማላቀቅ፣ እርሳስ መቅረጽ እና ሌሎችም አሉበት። እርሳሱስ ይሁን፤ የወረባቦ እናት ስለ ማርማላታው ምን ትመልሳለች? በእጇ ያለው መፈተኛ ቆሎ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተበተነን የገብስ ቆሎ አንድ በአንድ ለመልቀም የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ጫፍ መገናኘት አለባቸው። ጣቶቹ የማይገናኙለት ልጅ ቆሎውን በመዳፉ ጠርጎ ወደ ገበታው ጠርዝ ያመጣና ያፍሳል፤ ካልሆነም አፉን ዝቅ አድርጎ ይለቅማል። እንጀራም እንደዚያው ነው። በአንድ እጅ ቆርሶ፣ ወጡን አጥቅሶ፣ ሳያንጠባጥቡ አፍ ማድረስ ለለመደው ቀላል ይመስላል እንጂ በጣም የረቀቀ የጣት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የቀኝና የግራ ነገር ይመጣል። ቀኝ እጁ የተጎዳበት ልጅ በግራው ይበላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት «በቀኝህ ብላ!» ይባላል። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ገና በሕጻንነቱ፣ «ግራኝ ነው» ተብሎ ታልፏል። ጤነኛ ሕጻን በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱንም እጆቹን ይጠቀማል፤ አንዱን የሚያስበልጠው ቆይቶ ነው። ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ የሚዘረጋ፣ ሌላውን ጨብጦ የሚተው ልጅ ስለ ግራኝነቱ ከመወራቱ በፊት መመርመር አለበት። በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ይመጣል። ያን ቀን አንድ ማንኪያ መጀመሪያ በቀኙ፣ ቀጥሎ በግራው በኩል ማሳየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ይረዝማል። ከቢስቲማ በሐይቅ በኩል ደሴ ይደረሳል፤ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታልና የአካል ተሃድሶ ማዕከል አላት። ሆስፒታሉ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፎ እንደገና የቆመ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ይገኛል፤ የእጅንና የዕለት ተዕለት ተግባርን ጉዳይ ሙያው ያደረገው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ግን በአገሪቱ ብርቅ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትምህርቱን የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው።

ሕክምናውም ያለ ምዘና አይሆንም። ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት በጓንት ወይም በፋሻ ይዞ ደካማውን ማሠራት አንድ ጎናቸው ብቻ ለተጎዳ ልጆች ውጤቱ የታወቀ ዘዴ ነው። ሁለቱም እጆቹ ለተጎዱበት ልጅ ግን ያንኑ ማድረግ ያለችውን ጥቂት አቅም ማሰር ነው። ማን የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መጀመር አይቻልም።

የደሴን ርቀት የሚያሳጥር አንድ ነገር አለ፦ ቪዲዮ። ደካማው እጅ ደህናውን ምን ያህል እንደሚያግዝ የሚለካው «አሲስቲንግ ሃንድ አሰስመንት» በሚባለው ምዘና ልጁ ሲጫወት ይቀረጻል፤ ነጥቡ የሚሰጠው ከቪዲዮው ነው። ሙሉ ምዘናውን ለመስጠት የሠለጠነ ሰውና የተመረጡ መጫወቻዎች ያስፈልጋሉ። ባለሙያው ከቀጠሮው በፊት የልጁን የቤት ውሎ ለማየት ግን የታላቅ እህት ስልክ ይበቃል። ልጁ ሲበላ፣ ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ ከጆግ ውሃ ሲቀዳ ሁለቱም እጆች እንዲታዩ ሆኖ ይቀረጻል። ቀራጯ ዝም ማለት አለባት። «በዚያኛው እጅህ ያዝ» ያለች እንደሆነ ልጁ ለካሜራው ብሎ ይይዛል፤ ባለሙያው ማየት የፈለገው ደግሞ ማንም ሳያዘው ያ እጅ የት እንደሚሆን ነው።