ሥዕል የሚሰቀልበት ልክ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት የደጋ መንደሮች ወደ አንድ ባለ ቆርቆሮ ቤት የገባ እንግዳ፣ የአያቶች ፎቶግራፍና የሙሽሮች ምስል በየፍሬማቸው ሆነው ከኮርኒሱ ሥር ተደርድረው፣ እጅ እንደሚነሣ ሰው ወደ ፊት ዘንበል ብለው ያገኛቸዋል። ይህን አለማወቅ ነው ብሎ የሚስቅ አይታጣም፤ እኔ ግን የልማዱ ሥር በቤተ ክርስቲያን የተተከለ ይመስለኛል፤ ከተማይቱ ራሷ መንቆረር የተባለ ስሟን ትታ የደብሩን ስም መውረሷ ቤተ ክርስቲያን በዚህ አገር ኑሮ ላይ ያላትን ሥልጣን ይመሰክራልና።

በጎጃም ክብ አብያተ ክርስቲያናት በሸማ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግንብ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ከምእመናን ራስ በላይ እስከ ጣሪያው በየረድፉ ሲወጣ፣ ሰይፍ የመዘዙት ሊቃነ መላእክት ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ በቅድስት ቆሞ የሚጸልይ ሰው ዐይኑን አቅንቶ ጠባቂዎቹን፣ አንጋጦ የሰማዩን ነገር ያያል። ስለዚህ በቤትም ሥዕለ አድኅኖ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ መሰቀሉ የተገባ ነው፤ የሚማጸኑበት ነውና።

የአባት ፎቶግራፍ ግን የሚታይ እንጂ የሚማጸኑበት አይደለም፤ ፊቱ ከጣሪያ ሥር በጢስና በመስታወት ነጸብራቅ ሲጋረድ ክብሩ ይቀንሳል። ብዙ ቤተ መዘክሮች የሥዕሉን ማእከል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲሜትር ያህል፣ ማለት ወደ ሦስት ክንድ በሚጠጋ ከፍታ ያደርጉታል፤ እንግዶች መደብ ላይ በሚቀመጡበት ክፍል አንድ ስንዝር ዝቅ ማለቱ ይሻላል። የምስማሩን ቦታ ለማግኘት በ150 ሳንቲሜትር ላይ የፍሬሙን ቁመት እኩሌታ ጨምሮ፣ ሽቦው ተወጥሮ ሲያዝ ከፍሬሙ አናት የሚርቀውን መቀነስ ነው፤ ፍሬሙ 60፣ ርቀቱ 8 ቢሆን ምስማሩ በ172 ሳንቲሜትር ላይ ይመታል።

ችግሩ የጭቃ ቤት ነው። በምርጊቱ ላይ ብቻ የተመታ ምስማር ክረምት እርጥበት ሲገባው ይላላልና፣ ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ድምፁ የሚደነድንበትን፣ ማገሩ ወይም ቋሚው እንጨት ያለበትን ስፍራ መፈለግ ያሻል። ከፍሬሙ ግርጌ በሁለቱ ማዕዘን ትናንሽ እንጨት ቢለጠፍ ከኋላው አየር እንዲያልፍ ያደርጋል፤ መቃናቱን ግን ከዐይን ይልቅ የግንበኛው ውሃ ልክ ያረጋግጣል። ባለ መስታወት ከባድ ፍሬም፣ ልኩ ቢገጥምም እንኳ፣ ከሕፃን መኝታ በላይ አይሰቀል።