የጣውላ ወለል በአንኮበር አየር

አንኮበር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሸዋ ደጋ ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ የተቀመጠች ጥንታዊት መናገሻ እንደ መሆኗ መጠን፣ በክረምት ጉም ቤቱን ሁሉ ሲያለብሰው፣ በበጋ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ስለሚሆን፣ በዚያ አገር ቤቱን ጣውላ ሊያነጥፍ የሚያስብ ሰው ከዕንጨቱ መልክ አስቀድሞ የአየሩን ጠባይ ሊመረምር ይገባዋል።

የአባቶቻችን ወለል አፈር ነበረ፤ ተደልድሎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ በዓል ሲደርስ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። የጣውላ ወለል የተስፋፋው መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከዞረ በኋላ፣ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች በተሳተፉባቸው የመኳንንት ቤቶችና እንደ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ባሉት ሕንፃዎች ነው።

ለዚህ ግብር ከአገራችን ዕፀዋት ጥድን የሚያህል ጥቂት ነው፤ መዓዛው ያማረ፣ ምስጥም የማይደፍረው ነውና። በአንኮበር አጠገብ ያለው የወፍ ዋሻ ደን በጥድ የታወቀ ሲሆን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ሲያስተክሉ ዘሩን ያስመጡት ከዚሁ እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። ዛሬ ግን ደኑ ሊጠበቅ እንጂ ሊቆረጥ የሚገባው ስላልሆነ፣ ለባለቤቱ የሚቀርበው በዘመነ ምኒልክ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም በጥድፊያ ከደረቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ ነጋዴው ደርቋል ብሎ ቢምልም እንኳ፣ ጣውላው በየመካከሉ ቀጭን ዕንጨት እየገባለት በጥላ ሥር ወራት ከቆየ በኋላ፣ ሊነጠፍበት ወዳለው ክፍል ገብቶ ጥቂት ሳምንት መሰንበት አለበት።

ምክንያቱም ዕንጨት ከተቆረጠና ከተላገ በኋላም ከአየሩ እርጥበት መቀበሉንና መልሶ መስጠቱን አይተውም፤ ሲቀበልም በቁመቱ እምብዛም ሳይረዝም በጎኑ ያብጣል። በነሐሴ ጉም ጠግቦ የተነጠፈ ጣውላ በጥር ይኮማተርና በመካከሉ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ሲሚንቶውም ቢሆን ውሃውን ሳይጨርስ መሸፈን የለበትም፤ በሊሾው ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዘርግቶ ዳሩን በፕላስተር አጣብቆ ማሳደርና በማግስቱ ገልጦ ማየት ነው፣ ከሥሩ ጠል ከተገኘ ገና ነው።

ከዚያ በኋላ ሞራሌዎች በየ40 ሳንቲ ሜትሩ በውሃ ልክ ይዘረጋሉ፤ አየርም እንዲዘዋወር ከሥራቸው መተንፈሻ ይተውላቸዋል። ጣውላዎቹ ወንዴና ሴቴ ሆነው ስለሚጋጠሙ፣ ሚስማሩ በወንዴው ጠርዝ ላይ በሰያፍ ይመታና ራሱ በሚከተለው ጣውላ ይሰወራል። በግድግዳው ዙሪያ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ሊቀር ግድ ነው። ባለቤቱ ይህን የሥራ ጉድለት አድርጎ እንዳይቆጣ የሚፈራ አናጢ በጣውላ ቁራጭ ይደፍነዋል፤ ሐምሌ ሲገባ ያበጠው ወለል መሄጃ አጥቶ ከመካከሉ ይነሣል። ክፍተቱን የሚሸፍነው ዞኮሎ ነው፤ እርሱም ከግድግዳው ጋር እንጂ ከወለሉ ጋር አይቸነከርም።

ጥበቃው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ወለሉን የሚበላው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከጫማ ሥር የሚፍቀው አሸዋ ስለሆነ ዕለት ዕለት መጠረግ አለበት፤ ውሃ እየደፉ ማጠብ ግን ማጥፋት ነው። ቀድሞ ሰም ተቀብቶ በእግር በሚገፋ ብሩሽ ይወለወል ነበር፤ ዛሬ ቫርኒሽ በዝቷል፣ ነገር ግን ሰሙ ሳይፋቅ ከላዩ የተቀባ ቫርኒሽ አይዝም።

በእኛ ቤት የቀረው አደጋ ከበዓልና ከቡና ነው። እርጥብ ቄጠማ ሲያድር ወለሉን ያጠቁራል፤ ስለዚህ በምንጣፍ ወይም በሰሌን ላይ ይጎዝጎዝ፣ ማታም ይነሣ። የከሰል ማንደጃም ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈልጋል። ፍም ወድቆበት የተቃጠለ ጣውላ ብቻውን ተቆርጦ ሊተካ ይቻላልና፣ ከሥራው የተረፉትን ሦስት አራት ጣውላዎች ለማገዶ ከመስጠት ይልቅ ከዚያው ቤት ውስጥ፣ በአልጋ ሥር ማስቀመጥ ይሻላል።