«እኔ እንጃ» የሚለው መልስ ለምን 2 ነጥብ ያሰጣል?

እስቲ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንደኛው ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 90 ኪሎ የነበረ ሰውዬ ነው፤ በጥቂት ወራት 81 ገባ። ጎረቤቱ «አማረብህ! ቦርጭህን አጠፋኸው» ይለዋል። ሁለተኛዋ 50 ኪሎ የነበረች ሴት ናት፤ አሁን 45 ሆናለች። እሷን ደግሞ «ድሮም ቀጭን ናት» ይሏታል። ሁለቱም የካንሰር ታካሚዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሳይፈልጉት ከክብደታቸው 10 በመቶ አጥተዋል።

ዓይን እንዲህ ይሸወዳል። ሰውዬው አሁንም ለቁመቱ ክብደቱ ከመጠን በላይ ስለሆነ የምግብ እጥረት አለበት ብሎ የሚጠረጥር የለም። ግን ዋናው ነገር ስንት ኪሎ መሆኑ ሳይሆን ስንት መቀነሱ ነው። በካንሰር ጊዜ ደግሞ የሚያልቀው ስብ ብቻ አይደለም። ዕጢውና ሰውነት ለዕጢው የሚሰጠው ምላሽ ብግነት ይፈጥራሉ፤ ብግነቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጡንቻም ያፈርሳል። ይህ ካኬክሲያ ይባላል። ክፋቱ፣ ከገፋ በኋላ በመብላት ብቻ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጡንቻው የሳሳ ሰው ኬሞቴራፒውን መቋቋም ይከብደዋል፤ መድኃኒቱ ይቀነስለታል፣ አንዳንዴም ይቋረጥበታል። ስለዚህ ቶሎ ማወቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ በምን? እ.ኤ.አ. በ1999 አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀው ኤምኤስቲ የሚባል መጠይቅ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ሳትፈልግ ኪሎ ቀንሰሃል? የምግብ ፍላጎትህ ስለቀነሰ በደንብ እየበላህ አይደለም? ከ1 እስከ 5 ኪሎ የቀነሰ 1 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 10 የቀነሰ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ነጥቡም ይጨምራል። በደንብ አለመብላት 1 ነጥብ ነው። ድምሩ 2 ከደረሰ ታካሚው ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ይላካል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ «መቀነሴን እርግጠኛ አይደለሁም» ያለ ሰው ወዲያው 2 ነጥብ ይሰጠዋል። የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ቢበጠስ፣ ደህና የተሠራ ማሽን «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ አይቀጥልም፤ ይጮኻል። እዚህም መረጃ አለመኖር እንደ ደህንነት አይቆጠርም። ብዙ ቤት ሚዛን በሌለበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በነገራችን ላይ ሚዛን ከሌለ ቀበቶው ስንተኛ ቀዳዳ ላይ እንደደረሰ መጠየቅም ይረዳል። «ጾም ስለነበረ ነው» ከተባለ ደግሞ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ኪሎው ተመልሷል ወይ?

መሣሪያው እንከን የለውም ማለት አይደለም። የሚቆጥረው ኪሎ እንጂ ፐርሰንት አይደለም። ሰውዬው በ9 ኪሎው 2 ነጥብ አገኘ፤ ሴትየዋ ግን እኩል 10 በመቶ አጥታ በ5 ኪሎዋ 1 ብቻ። በደንብ እየበላች ካልሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ያስይዛታል። እየበላች ከሆነ ግን ታመልጣለች።

ሌላው አሳሳች ነገር ውኃ ነው። ሆድ ውኃ ከቋጠረ ወይም እግር ካበጠ፣ ጡንቻው እያለቀ ሚዛኑ ንቅንቅ ላይል ይችላል። እንዲህ ሲሆን የክንድ ዙሪያ መለካት ይሻላል። በጤና ጣቢያ የሕፃናት ክንድ የሚለካበትን ባለቀለም ሜትር አይታችሁ ይሆናል፤ ሐሳቡ ያው ነው፣ ለአዋቂ ግን ቁጥሮቹ ሌላ ናቸው። ልኬቱም የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ በየቀጠሮው ከነቀኑ ተጽፎ ካለፈው ጋር መነጻጸር አለበት።