ለተዋናይነት ስለሚላክ ፎቶግራፍ



ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ጉርድ ፎቶግራፍ የማያውቅ የለም። ይኸውም በማኅደራችን ላይ ተለጥፎ የሚኖር፥ ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ እንኳ «ይህ ማነው?» የሚለው ሥዕል ነው። ለማኅደር ይበቃል። ነገር ግን ከነገሌ ቦረና ወይም ከያቤሎ አንድ ወጣት ተዋናይ ለመሆን ተመኝቶ ፎቶግራፉን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ፥ ያ ወረቀት ባለቤቱን ቀድሞ የሚደርስ መልእክተኛ ነውና ጉርዱ አይበቃውም። አዘጋጁ ሥዕሉን አይቶ ካልጠራው፥ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ችሎታውን የሚያሳይበት ዕድል አያገኝም።

በአገራችን ፎቶግራፍ የቆየ ሙያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰዋል። የዚያን ጊዜው የሹማምንት ሥዕል ካባውንና ኒሻኑን ያሳያል፤ የተዋናይ ግን ፊቱን፥ ይልቁንም ዓይኑን ማሳየት አለበት። በውጭ አገር የተለመደው መጠን 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከደረት በላይ ያለው አካል ብቻ ይታይበታል።

በቆላው ከተሞች ዋናው ችግር የብርሃን እጥረት ሳይሆን ብዛቱ ነው። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ፥ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የተነሣ ሰው ዓይኖቹ በቅንድቡ ጥላ ተውጠው ሁለት ጉድጓድ ይመስላሉ። ስለዚህ ከጧቱ ሦስት ሰዓት በፊት መነሣት፥ ወይም በበረንዳ ጥላ ሥር ፊትን ወደ ውጭ አዙሮ መቆም ይሻላል። ቀዩ አፈር ደግሞ ብርሃኑን ከታች መልሶ አገጭን ያቀላዋል፤ ከእግር ፊት ነጭ አንሶላ ቢነጠፍ ይስተካከላል።

አንሶላው ነጭ ይሁን እንጂ ሸሚዙ ነጭ አይሁን። ካሜራ ነጭ ልብስ ሲያይ ብርሃኑን ይቀንሳልና ጠይም ፊት ከልክ በላይ ይጠቁራል። ነገሩ የካሜራው ብቻ አይደለም፤ የቀለም ፊልምም ለብዙ ዘመን የተመዘነው በነጭ ቆዳ ነበር። ኮዳክ የተባለው ኩባንያ ለፎቶግራፍ አጣቢዎች ይልከው የነበረው የቀለም መለኪያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር። ስለዚህ ጌጥ የሌለው፥ ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ልብስ ይመረጣል፤ ብርሃኑም ከፊት ላይ ይለካ።

በእጅ ስልክ የሚያነሣም ቢሆን ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ በጣም ከቀረበ አፍንጫን ያገዝፋል። ላብን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፥ ቫዝሊንንም ለዚያ ቀን መተው ያስፈልጋል። «ፈገግ በል» ማለት ፊትን ያደርቃል፤ ይልቁንስ ተነሺው ከሚያውቀው ተውኔት አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገርና ዝም ሲል፥ ያን ጊዜ ይነሣ።

ሥዕሉን ማስዋብ ግን አይገባም። እኔን አንድ ጊዜ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ የግንባሬን ጠባሳ አጥፍቶ፥ ቆዳዬንም አንጥቶ ሰጠኝ፤ አክስቴ አይታ «የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ እንጂ ምንም አልጎደለብኝም። በሥዕሉ የጠራው አዘጋጅ ግን ሌላ ሰው በበር ሲገባ ቢያይ አይስቅም።

በመጨረሻም ከጀርባው ስም፥ ቁመት፥ አድራሻና የሚናገሩት ቋንቋ ይጻፋል። ከአማርኛ ጋር ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚያውቅ የቆላ ልጅ ይህን መጻፍ አይርሳ። ጽሑፉ ግን በእርሳስ፥ ሳይጫኑ ይሁን፤ በእስክሪብቶ ተጭነው የጻፉት በፊት በኩል ጉንጭ ላይ ይታተማልና።