ጠዳ ወይስ ተዳ?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው አዘዞን እንዳለፈ ጠዳን ያገኛል። መንገደኛ አይስታትም፤ ኮምፒዩተር ግን ይስታት ይሆናል። አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ በተዘረጋው «ሴራ» በተባለው ሥርዐት ትንሿ ቲ «ት»ን፥ ትልቋ ቲ «ጥ»ን ትሰጣለች። ጸሐፊው ሺፍትን ሳይጫን ቢቀር ጠዳ ተዳ ሆና ትወጣለች። ፊደል ለፊደል ብቻ የሚያመሳክር መፈለጊያም ተማሪውን «የለም» ብሎ ይመልሰዋል።

ለዚህ ችግር መላ ከፈለጉት አንዱ የሶፍትዌር ባለሙያው አቶ ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ ለእንግሊዝኛ የተሠራው «ሜታፎን» የተባለ ስሌት ለአማርኛ እንዴት እንደሚስማማ አሳይተዋል። በዚህ ስሌት ቃሉ የሚታወቀው በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይና ጸሀይ አንድ ቁልፍ ይኖራቸዋል። (የሀ፥ የሐና የኀን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው።) የአጻጻፍ መሣሪያው የሚያመጣው ስሕተት ሲታሰብበት ውጤቱ ይበልጥ መሻሻሉንም ገልጸዋል። ስሌቱንም በፐርል ቋንቋ ጽፈው ለሕዝብ አቅርበዋል።

በእኛ አስተያየት የዚህ ሥራ ተገቢ ቦታ፥ አንዱ ፕሮግራም ሌላውን የሚጠይቅበት በር፥ ማለት የመፈለጊያው ኤ.ፒ.አይ. ነው። እዚያ አንድ ጊዜ ከተሠራ የጤና ጣቢያው መዝገብም፥ የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግም ይጠቀምበታል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ወጣት ባለሙያ እንደገና አይደክምበትም። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ነው፤ ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው። ድምፅ ብቻ ከተከተልን ሁለቱን እናደባልቃለን። ስለዚህ በሩ «በፊደሉ ነው ወይስ በድምፁ?» ብሎ ጠያቂውን ማስመረጥ፥ ተዳ ብሎ ለመጣም ጠዳን ማቅረብ ይኖርበታል።